ከዝርዝሩ የሰረዝኳቸው 4 ቀለበቶች



ሁልጊዜ የምነግራችሁ ስለ ገቢና ወጪ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ በእኔ ስህተት ሁለት ጊዜ ስለተከፈለ አንድ ወጪ ነው።

በርበሬና ሽሮ ወደ ገበያ የምታደርስልን አሮጌዋ ላንድክሩዘር፣ ሞተሯ ሲግል የዘይት ግፊቱ ይወርድ ጀመር። ጋራዡ የእድሳት ዋጋ ሲያቀርብ «የካምሻፍት ቡሽ መቀየር» የሚለውን ሰረዝኩት። ካምሻፍቱ ራሱ ደህና ነው ከተባለ ማቀፊያው ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። ሜካኒኩ «ልጄ፣ ይሄን አትተዪው» ቢሉኝም አልሰማኋቸውም። ሞተሩ ታድሶ ተገጠመ። ሳምንት ሳይሞላው ግፊቱ እንደገና ወረደ።

ሁለተኛ ሲፈታ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ካምሻፍት ቫልቮቹን በየተራ የሚከፍት ዘንግ ነው። በዚህ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ዘንጉ በ4 ቀለበቶች ውስጥ ያልፋል። ቀለበቶቹ እንደ ኩሽኔታ ኳስ የላቸውም፤ ውስጣቸው በለስላሳ ብረት የተለበጠ ነው፣ በዘንጉና በእነሱ መካከልም ስስ ዘይት አለ። ቀለበቱ ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዘይቱም በዚያ ይፈስሳል። የተሰነጠቀ እንስራ ምን ቢቀዱበት አይሞላም።

አገጣጠሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የ4ቱ መጠን አንድ አይደለም፤ ከፊት ወደ ኋላ እየጠበቡ ይሄዳሉ። አሮጌዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ቀዳዳቸው ያለበት አቅጣጫ ምልክት ተደረገበት፤ የዘይቱ መተላለፊያም ተጠረገ። አዲሶቹ በመዶሻ አልተመቱም፤ ቢጣመሙ ወይም ቢጫሩ ዋጋ የላቸውምና በመሣሪያ ቀጥ ብለው ተሳቡ። ከሁሉም በላይ የቀለበቱ ቀዳዳ ከብሎኩ የዘይት ቀዳዳ ጋር መግጠም አለበት። ዞሮ ከተገጠመ ዘይቱ ይዘጋል፣ ዘንጉም በደረቁ ይዞራል። ሜካኒኩ በየቀዳዳው ቀጭን ሽቦ አሳልፈው አሳዩኝ። ከዚያ ካምሻፍቱን ዘይት ቀብተው አስገቡና «በእጅሽ አዙሪው» አሉኝ። የትም ሳይይዝ ዞረ።

ቀለበቶቹን በመጀመሪያው ጊዜ ብንቀይር ወጪው ትንሽ ነበር። እኔ በመሰረዜ ግን ሞተር ማውረጃውን፣ መፍቻውን፣ ጋስኬቱንና ዘይቱን ሁለት ጊዜ ከፈልን። መኪናዋ በቆመችበት ጊዜም ባልትናችንን በኪራይ መኪና አመላለስን። ይህን ሁሉ በሪፖርቱ በራሱ መስመር ጽፌዋለሁ፤ «ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ አልከተትኩትም።

ከእንግዲህ የማላውቀውን ዕቃ ከመሰረዜ በፊት ባለሙያውን «ይህ ባይቀየር ምን ይመጣል?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱንም ከዋጋ ማቅረቢያው ጋር አያይዘዋለሁ። እናንተም ሳትፈሩ ጠይቁኝ፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው።