ከመርከቡ ቲኬት ጀርባ ያለው ወጪ

ዕቁብ ሲደርሳችሁ ከማያሚ ወደ ባሃማስ በመርከብ ለመሄድ ያሰባችሁ ስላላችሁ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ከገንዘቡ ልጀምር።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲጋራ የነፍስ ወከፍ ክፍያ ነው። ብቻዋን የምትሄድ እጥፍ ሊጠጋባት ይችላል፤ ስለዚህ ጓደኛ ፈልጉ። የአስተናጋጆች ጉርሻ በየቀኑ በሰው ይታሰባል። አልኮል፣ ኢንተርኔትና የደሴት ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ ለብቻ ይከፈላሉ። መርከቡ ውስጥ የምትገዙት ሁሉ በክፍላችሁ ካርድ ስለሚመዘገብ ገንዘቡ ሲወጣ አይታወቃችሁም፤ ሒሳባችሁን በየማታው እዩት። ዴቢት ካርድ ካስመዘገባችሁ ገና ያላወጣችሁትንም ገንዘብ ሊይዝባችሁ ይችላል። የቤት ኪራይ ያለበትን ካርድ በፍጹም አትስጡ! ስልካችሁንም መርከቡ ሳይነሳ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ የባሕር ላይ ኔትወርክ ውድ ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ፣ መርከቡ የሚቆምበት አገር ሁሉ ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ። ግሪን ካርዳችሁና ፓስፖርታችሁ ከእጅ ቦርሳችሁ አይለዩ።

ናሶ ስትወርዱ ሰዓታችሁን በመርከቡ ሰዓት አድርጉ። በግላችሁ ወጥታችሁ ብትዘገዩ መርከቡ ጥሏችሁ ይሄዳል፤ ቀጣዩ ወደብ ድረስ በራሳችሁ ወጪ ነው።

ጾመኞች ደግሞ "ቬጀቴሪያን" ካላችሁ ቅቤና ዕንቁላል ሊመጣላችሁ ይችላል፤ "ቬጋን" በሉ፣ ያውም ከጉዞው በፊት አስመዝግቡ።