ሕሙማን ከስኳር ሕመም ትምህርት ለምን ይቀራሉ?

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

ከጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ጋር ሆነን የስኳር ሕሙማንን ማስተማር ስንጀምር በመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን አብዛኛው ወንበር ባዶ ሆነ። ሕሙማኑን ለመውቀስ ቸኮልን፤ ቤታቸው ሄደን ስንጠይቅ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የእኛው ሆኖ አገኘነው።

ትምህርቱን የመደብነው ሳናማክራቸው በገበያ ቀን ነበር። አንዳንዶቹ ስማቸው በሰው ፊት በመጠራቱ አፍረዋል። ብዙዎቹ ደግሞ «ጾማችሁን ፍቱ ይሉናል» ብለው ፈርተዋል። ይህን ፈርተው ከቀሩት መካከል አንዲት እናት በጾም ቀን ኢንሱሊናቸውን ተወግተው፣ እህል ሳይቀምሱ ሲያስቀድሱ ላብ አጠመቃቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ገና መዋጥ ሲችሉ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ስኳር በውኃ በጥብጦ አጠጣቸው፤ ተረፉም። ወጣቱ ይህን ያወቀው ሕመምተኛ አባቱን አጅቦ ከትምህርቱ ስለተገኘ ነው።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችንን ለወጥን። ቀኑን ሕሙማኑ እንዲመርጡ አደረግን፤ እነርሱም እሑድን ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴው ቤት መረጡ። ጥሪው ስም ሳይጠራ ለሁሉም ይነገራል። ወጥ የሚሠሩት የቤተሰብ አባላትም አብረው ይመጣሉ፤ ስለ እንጀራው መጠንና ስለ ሻይና ቡናው ስኳር ለብቻው ለሕመምተኛው መንገር ብዙ አይጠቅምምና። በየጊዜው የሚሰጠው ትምህርት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ለምሳሌ ሕመሙ እግርን ስለሚያደነዝዝ፣ ጫማ አውልቆ ቤተ መቅደስ የገባ ሰው ሲወጣ ውስጥ እግሩን እንዲመለከት አስተማርን፤ ያልተሰማ ቁስል እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳልና። የቀረ ሰው ቢኖር ጎረቤቱ ሄዶ ይጠይቀዋል። እንዲህ በማድረጋችን ቀርተው ከነበሩት ብዙዎቹ ተመልሰዋል።

ከሁሉ የበለጠው ግን የንስሐ አባቶች ቃል ነው። ሕሙም በንስሐ አባቱ ምክር ጾሙ እንዲቀልለት የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ይፈቅዳል። ይህን ከካህኑ አንደበት የሰማ ሰው ከሐኪሙ አይሸሽም። ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ አባቶች ቢነግሩት ይሰማል።

የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ኅዳር 5 ይውላል፤ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። በመካከሉ ባሉት ቀናት እያንዳንዱ ሰበካ ሦስት ነገር እንዲፈጽም በትሕትና እንጠይቃለን፦ ካህናት ከጤና ባለሙያ ጋር ይቀመጡ፤ ኮሚቴው ሕሙማኑን ስለሚመቻቸው ቀን ይጠይቅ፤ መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር።

ባዶ ወንበር ስናይ አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።