የፀሐይ ዳስ በትምህርት ቤት ግቢ
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣
የተከበራችሁ የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፣
ከዞን፣ ከወረዳና ከከተማ አስተዳደር የመጣችሁ ኃላፊዎች፣
መምህራንና የወላጅ ኮሚቴ አባላት፣



የዚህ ንግግር ርዕስ አንዳንዶቻችሁን ሊያስገርም ይችላል። ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ እህል ዋጋ በሚመክር ጉባኤ መሀል የትምህርት ቤት መኪና ማቆሚያ ምን አገባው? ነገር ግን በወልቂጤና በቡታጅራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው ወይም ዘመድ ዘንድ ተጠግተው የሚማሩ የአባላት ልጆች ናቸው። ጉዳዩ ስለዚህ የገበሬው ጉዳይ ነው።

እንደሚታወቀው በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ትምህርቱ አብሮ ይጠፋ ነበር። ሥርጭቱ ተማሪውን አይጠብቅምና ያመለጠው ክፍለ ጊዜ አመለጠ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት መብራት ብቻውን ተጠያቂ ነው ማለት ውሸት ይሆናል፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. ፈተናውን ለተወሰኑት ተማሪዎች በኮምፒውተር መስጠት ተጀምሯል። በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል መብራት ስለሌለ ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ፣ አዲስ አበባ ከሚማረው ልጅ ጋር ለውድድር ሲቀርብ ዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን ጣቱም ይፈተናል።

አንዳንድ ሰው «ህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከእንግዲህ ሶላር ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ከዚሁ አካባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከወልቂጤ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ግቤ አንድ በ1996 ዓ.ም.፣ 420 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግቤ ሁለት ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። በከፍተኛው መስመር ሥር እያረሱ ማታ ኩራዝ የሚያበሩ ገበሬዎች እንደነበሩ የማያውቅ የለም። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ በትራንስፎርመር፣ በምሰሶና በቀጭን ሽቦ አድርሶ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሳይቆራረጥ ማቆየት ሌላ ነገር ነው። ነፋስ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ በጣለ ቁጥር የሚጠፋው መብራት በግድቡ ትልቅነት አይመለስም።

አሁን ወደ ዳሱ እንምጣ። በአሜሪካ በተለይም ፀሐይ በሚበዛባቸው በአሪዞናና በካሊፎርኒያ ግዛቶች በርካታ ትምህርት ቤቶች የመኪና ማቆሚያቸውን በሶላር ፓኔል ሸፍነዋል። ምሰሶ ይተከላል፣ ምሰሶው ላይ በቆርቆሮ ፈንታ ፓኔል ይለበጣል፣ ከሥር መኪና ይቆማል። ፈረንሳይ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከ1,500 ካሬ ሜትር በላይ የሆኑ ማቆሚያዎች ቢያንስ ግማሽ ስፋታቸው እንዲህ ባለ ዳስ እንዲሸፈን ደንግጋለች፤ ከሕጉ ውጭ የተደረጉ ቦታዎችም አሉ። የሐሳቡ ብልኃት ቀላል ነው። ለፓኔል ተብሎ የእርሻ መሬት አይወሰድም። የመማሪያ ክፍሉ አሮጌ ጣሪያም ከአቅሙ በላይ ክብደት አይሸከምም።

እርግጥ በወልቂጤና በቡታጅራ ትምህርት ቤት ግቢ የሚቆመው መኪና ጥቂት ነው። የመምህራን ሞተር ብስክሌት፣ ልጅ የሚያደርስ ባጃጅ፣ አንዳንድ ጊዜም መጽሐፍ ወይም ወንበር ጭኖ የመጣ አይሱዙ ነው የሚታየው። በቡታጅራ ጋሪም ይጨመራል፤ ፈረሱም ጥላ ይወዳል። ስለዚህ የውጭውን አገር ስፋት እንዳለ መቅዳት አያስፈልግም። የሚበልጠው ጥቅም ምናልባት ለተማሪው ነው፤ በዕረፍት ሰዓት በበጋው ፀሐይ የሚጠለልበት፣ የወላጆች ስብሰባም የሚካሄድበት ዳስ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ፍጹም አዲስ እንዳይመስል ሁለት ታሪኮችን ማስታወስ ይገባል። በ1985 እ.ኤ.አ. በመሀል ኢትዮጵያ ሚቶ በተባለች መንደር 10.5 ኪሎዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ተተክሎ ለ300 አባወራዎች በጋራ መስመር መብራት ሰጥቷል። በ1989 እ.ኤ.አ. ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ የመንደሩን የውሃ ፓምፕና የእህል ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ሆነ። ያኔ ፓኔል እንደ ወርቅ ውድ ነበር፤ ዛሬ ግን በየከተማው ሱቅ ይሸጣል። ሁለተኛው የሬማ ታሪክ ነው። በሰሜን ሸዋ በምትገኘው በሬማና በአካባቢዋ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የተቋቋመው ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን ከ2,000 በላይ ለሚሆኑ ቤቶች ትንንሽ ሶላር አስገባ። ሥራው በ2009 እ.ኤ.አ. አሽደን የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል።

ከሬማ የሚወሰደው ትምህርት ግን ከፓኔሉ ይልቅ ሌላው ነገር ነው። እዚያው ሬማ ውስጥ የሶላር ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተጠቃሚው ቤተሰብም ለጥገናና ለባትሪ መለወጫ የሚውል ወርሃዊ ክፍያ እንዲከፍል ተደረገ። በየአገሩ የተተከለ ሶላር በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ፓኔሉ ተበላሽቶ አይደለም። ፓኔል 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። የሚሞተው ባትሪው ነው። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ በጥሩ አያያዝ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው ዕድሜው፤ ሊቲየሙ ይበልጣል፣ ዋጋውም ይበልጣል። የባትሪ መለወጫ ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በተለየ ሒሳብ ካልተቀመጠ፣ ሪባን የተቆረጠለት ዳስ ተራ የሞተር ጥላ ሆኖ ይቀራል።

እስቲ በቁጥር ይታይ። ለአሥር መኪና የሚሆን ቦታ 25 ሜትር በ5 ሜትር፣ ማለትም 125 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ባለ 400 ዋት ፓኔል ሁለት ካሬ ሜትር ያህል ይይዛል። ስለዚህ 60 ፓኔል ይገባል፤ ኃይሉም 24 ኪሎዋት ይሆናል። በቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢቆጠርና ለሙቀት፣ ለአቧራና ለሽቦ ሩብ ያህሉ ቢቀነስ በቀን 90 ኪሎዋት ሰዓት ይገኛል። ይህ ለአንድ ትምህርት ቤት እጅግ ብዙ ነው። ሠላሳ ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው 100 ዋት ቢወስዱና በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠሩ የሚፈልጉት 18 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። 15 ፓኔል፣ ማለትም 6 ኪሎዋት፣ በቀን 22 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚሰጥ ኮምፒውተሩን ችሎ ለጥቂት አምፖልም ይተርፋል። ክረምት ደመና ሲበዛ ምርቱ ይቀንሳል፤ ደግነቱ ያኔ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። እንግዲህ የሚሻለው ምሰሶውን ለነገ አስፍቶ ተክሎ፣ ፓኔሉን ግን በሚያስፈልገው ልክ መጀመር ነው። ብዙ ፓኔል ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ገንዘቡ ግን ለባትሪው ቢቀመጥ ይበልጣል።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣

ሻጭ ብዙ ጊዜ የማይነግረው አንድ ነገር አለ። ያለ ባትሪ ከመብራት ኃይል መስመር ጋር የሚገናኝ ኢንቨርተር፣ መስመሩ ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። ብልሽት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። እንዲያ ባይሆን ኖሮ ከዳሱ የሚወጣው ኃይል ወደ ሽቦው ተመልሶ ምሰሶ ላይ የወጣውን የጥገና ሠራተኛ ይገድለው ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው መብራት ሲጠፋ መሥራት ከሆነ፣ ባትሪ ያለውና መስመሩን ራሱ ቆርጦ የሚለይ ኢንቨርተር መሆኑ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። የተረፈውን ኃይል ለመሸጥ ማሰብ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትና ከፔትሮሊየምና ኢነርጂ ባለሥልጣን ጋር ከተነጋገሩ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ተስፋን በእሱ ላይ መጣል አይገባም።

ሁለተኛው ነገር ጥላ ነው። ፓኔሎች በተርታ ስለሚያያዙ በአንዱ ላይ ያረፈ የዛፍ ጥላ የተርታውን ምርት ይጎትታል። የጉራጌ ትምህርት ቤት አጥሩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ በጥቂት ዓመት ከጣሪያ በላይ ይረዝማል። ቦታ ሲመረጥ ጠዋትና ማታ ጥላው የት እንደሚደርስ በእግር ዞሮ ማየት ከማንኛውም ጥናት ይቀድማል። በባሕር ዛፍ ምሰሶ መሥራትም ርካሽ ይመስላል። ሆኖም ምስጥ የሚበላው እንጨት 25 ዓመት የሚኖር ፓኔል ሊሸከም አይችልም፤ ነፋስም ከሥር ገብቶ ዳሱን እንደ ክንፍ ያነሳዋል። በሲሚንቶ የተተከለ፣ ዝገት የማይበላው ብረት ያስፈልጋል። ቁመቱ ልጅ ተንጠላጥሎ የማይደርስበት፣ ሽቦው በቱቦ የተሸፈነ፣ የመብረቅ መሬት መስመርም ያለው ይሁን። አካባቢው ከምድር ወገብ ስምንት ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚርቅ ፓኔሉን ብዙ ማዘንበል አያስፈልግም፤ ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ የሚበቃው ተዳፋት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዲግሪ ነው። በበጋ ወራት ግን ጠዋት ሳይሞቅ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ ይገባል።

ውሃ ከተነሳ፣ የወልቂጤን ነዋሪ ስለ ውሃ እጥረት ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዳሱ ጣሪያም ነውና አሸንዳ ቢደረግለት፣ በዓመት አንድ ሜትር ዝናብ በሚወርድበት ቦታ 100 ካሬ ሜትር ዳስ ወደ 80 ሜትር ኩብ ውሃ ሊሰጥ ይችላል። ለመጠጥ ባይሆን ለእጅ መታጠቢያ፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለችግኝ ይሆናል። እንዲያውም አንዳንድ ትምህርት ቤት ከመብራቱ በፊት ይህን ውሃ ሊወድ ይችላል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱም መታወስ አለበት። የኤሌክትሪክ ባጃጅና ሞተር ወደነዚህ ከተሞች ሲበዛ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭና በበዓላት ቀን የሚተርፈው ኃይል በክፍያ ባትሪ ሊሞላበት ይችላል። ለባትሪ መለወጫ ሒሳቡ አንድ የገቢ ምንጭ ይህ ነው።

ማን ይጠብቀዋል የሚለው ግን ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ነው። በጉራጌ መንደር ጀፎረ አጥር የለውም፤ ሆኖም ማንም አያርሰውም፣ ማንም ቤት አይሠራበትም። እያንዳንዱ አባወራ በደጁ ፊት ያለውን ያውቃል፣ የባህሉ ሕግም ከኋላው አለ። በ1950ዎቹ መንገድ ለመሥራት ገንዘቡን አዋጥቶ ድርጅት ያቋቋመው ይኸው ሕዝብ ነው። የትምህርት ቤቱ ዳስም ባለቤቱ ካልታወቀ ፓኔሉ በአንድ ሌሊት ተፈትቶ ይወሰዳል። ርዕሰ መምህር ይዛወራል፣ የመንግሥት ኃላፊም ይቀያየራል፤ የማይዛወሩት ወላጁና ማኅበሩ ናቸው። በመሆኑም ንብረቱ በትምህርት ቤቱ፣ የጥገናው ሒሳብ ደግሞ ወላጅ ኮሚቴውና ዩኒየኑ በጋራ በሚፈርሙበት መዝገብ ቢያዝ ይመረጣል።

ከዩኒየኑ የሚጠበቀው ሙሉ ወጪውን መሸከም አይደለም፤ አባላት ያልፈቀዱትን ገንዘብ ማንም ለበጎ ሥራ ብሎም ቢሆን ሊያወጣው አይገባም። ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። ከተጣራ ትርፍ ለአንድ የሙከራ ዳስ የሚውል ድርሻ ይመደብ ወይስ አይመደብ? ከተመደበስ ከሁለቱ ከተሞች በየትኛው ይጀመር? ቡታጅራ ከ2015ቱ የክልል አደረጃጀት ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ስለሆነች ሁለቱ ከተሞች በሁለት ዞን ይተዳደራሉ፤ የሁለቱም ትምህርት መምሪያዎች ከወዲሁ መነጋገር ይኖርባቸዋል። ከውሳኔው በፊትም የሚመለከታቸው ትምህርት ቤቶች የስድስት ወር የመብራት ደረሰኝ፣ መብራት የጠፋባቸውን ሰዓታት የሚያሳይ መዝገብና የሚሠሩትን ኮምፒውተሮች ቁጥር ይዘው ይቅረቡ። የማይሠሩትንም አብረው ይቁጠሩ።

መድረኩ ለጥያቄና ለውይይት ክፍት ነው።