ቁልፉ ወዴት ያደርሳል? ስለ ኮሌጅ ትምህርት ድረ ገጾች የመዘዋወሪያ ቁልፎች



ዛሬ የምናገርበት ርእስ በውጭ ሲያዩት አነስተኛ ይመስላል። ስለ ግድብ ወይም ስለ ድልድይ አይደለም፤ በኮሌጅ የትምህርት ድረ ገጽ ላይ ስለሚቀመጡት ትናንሽ የመዘዋወሪያ ቁልፎች ነው። ይሁን እንጂ መንገደኛውን ማዶ የማያሻግር ድልድይ ድልድይ እንደማይባል ሁሉ፣ ተማሪውን ካሰበው ምዕራፍ የማያደርስ ቁልፍም ቁልፍ ሊባል አይገባውም።

እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ትምህርቱን የሰጠው መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት እየተያዩ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ወደ አገራችን ሲገባ ግን በመላ አገሪቱ የክፍል ትምህርት ተቋርጦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ ድረ ገጽ የክፍል አጋዥ መሆኑ ቀርቶ ክፍሉን ራሱን እንዲተካ ተፈለገ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ከዚህም የተነሣ በደባርቅ፣ በዳባት ወይም በጃን አሞራ ሆኖ ለሚማር ሰው የመገናኛው መስመር የተገኘበት ሰዓት ውድ ሰዓት ነው። በስሕተት የተጫነ እያንዳንዱ ቁልፍ ያልተፈለገ ገጽ ይከፍታል፤ ገንዘቡንም ጊዜውንም ይበላል።

አንባቢን መምራት ለእኛ አዲስ ጥበብ አይደለም። የብራና መጻሕፍታችን ጸሐፊዎች አዲስ ክፍል የሚጀመርበትን በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር፤ በብዙዎቹ መጻሕፍትም ተፈላጊው ቅጠል ቶሎ እንዲገኝ በጠርዙ ላይ ባለቀለም ክር ይሰፋ ነበር። ክሩ አንባቢውን ወደ ሌላ ቅጠል አይወስደውም፤ መርሑ ግን ለእኛም ይሠራል። እርሱም ምልክቱ ከቦታው ጋር ምን ጊዜም አንድ እንዲሆን ነው።

የእኛ ቁልፎች ችግር በመጀመሪያ የቃል ችግር ነው። ከእንግሊዝኛ ተተርጉመው «ወደ ፊት» እና «ወደ ኋላ» የሚሉትን ቁልፎች እንመልከት። በአማርኛ «ወደ ፊት» ስንል ገና የሚመጣውን ማለታችን ነው፤ «ከዚህ በፊት» ስንል ግን ያለፈውን ነው። «የፊተኛው ምዕራፍ» የቀደመው ሲሆን «የኋለኛው» ተከትሎ የሚመጣው ነው። እንግዲህ «ወደ ኋላ» የሚለው ቁልፍ ወደ የትኛው ምዕራፍ ይወስዳል? «ቀዳሚ» እና «ቀጣይ» ከዚህ መንታ ትርጉም ነጻ ናቸው። ከሁሉ የሚሻለው ግን መድረሻውን ራሱን መጥራት ነው፤ «ቀጣይ፦ ምዕራፍ 4» የሚለውን አይቶ የሚሳሳት የለም።

ሁለተኛው የአክብሮት ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛው አንድ የትእዛዝ ቃል ለሁሉ ይበቃዋል። በእኛ ቋንቋ ግን «ቀጥል» ያልን እንደ ሆነ ሴቷን ተማሪ ረስተናል፤ በክረምት ሊማሩ የሚመጡትን አዛውንት መምህርም አንተ ብለናል። ስለዚህ «ማውጫ»፣ «ቀጣይ»፣ «መልስ ማስረከቢያ» እንደሚሉት ያሉ የስም ቃላት ይመረጣሉ፤ ለማንም ይስማማሉ፤ አጫጭርም ናቸው።

ሦስተኛውና ከባዱ «ሰርዝ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል የተጀመረውን ሐሳብ መተውንም፣ የተጻፈውን ማጥፋትንም ሊያመለክት ይችላል። አንዲት ተማሪ ሁለት ሰዓት የደከመችበትን የፈተና መልስ ጽፋ ከማስረከቧ በፊት አንድ ጊዜ ለማየት ብትፈልግና ከፊቷ ያለው ቁልፍ «ሰርዝ» ብቻ ቢሆን ምን ታድርግ? መስመሩ ደካማ በሆነበት አገር የጠፋውን እንደገና መጻፍ ማለት ፈተናው አመለጠ ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዱ «መልሱን ማጥፊያ»፣ ሌላው «ሳይጠፋ መመለሻ» ይባል። ማጥፊያው ከማስረከቢያው ርቆ ይቀመጥ፤ ከማጥፋቱም በፊት የሚጠፋውን ነገር በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ።

ከቃሉ ቀጥሎ ቅርጹ ይመጣል። የላቲን ፊደል ቁልፉን በትልልቅ ፊደላት ለይቶ ሊያሳይ ይችላል፤ የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል ክፍል የለውም። «ሉ» እና «ሊ» የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ አቀማመጥ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ሲያንስ በስልክ መስተዋት ላይ ይደባለቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.2 ቁልፍ ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል እንዲሆን፣ ከፍ ባለው ደረጃ ደግሞ 44 በ44 እንዲደርስ ይላል፤ የተራ ጽሑፍ ቀለም ከመደቡ ጋር ያለው ንጽጽርም ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ያዝዛል። ለእኛ ፊደል ሰፊውን መጠን መያዝ ይበጃል። በቀለም ብቻ መለየትም አይበቃም፤ ቀለም የማይለዩ ዓይኖች አሉና። በሥዕል ፋንታ በጽሑፍ የተሠራ ቁልፍ ለመስመሩም ይቀላል።

የከፍተኛ ትምህርታችን ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ ስለ አማርኛ ቁልፍ መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። መልሱ፣ ተማሪው ኃይሉን በትምህርቱ ላይ እንጂ በመንገዱ ላይ መጨረስ የለበትም የሚል ነው። ተማሪዎቻችን ከየክልሉ የሚመጡ ስለሆኑም ቋንቋ የመምረጥ ዕድል ለሁሉም ይሰጥ።

እንግዲህ ሁለት ነገር አሳስቤ ልፈጽም። አንደኛ፣ ማንኛውም የትምህርት ድረ ገጽ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ቁልፎቹ በወረቀት ተጽፈው ለጥቂት ተማሪዎች ይቅረቡና «ይህ ወዴት ይወስዳል?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሳቸው ከተለያየ ቃሉ ይለወጥ፤ ይህ ወጪ የለበትም። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን ከቋንቋ ምሁራን ጋር ሆኖ የጋራ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ያዘጋጅ። አንዱ ኮሌጅ «ማስረከቢያ» ያለውን ሌላው «መላኪያ» ካለው፣ ተማሪው በሄደበት ሁሉ እንደ አዲስ ይማራል።