ከመደመር በፊት ማጠጋጋት
ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንት አመራረጥ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር




የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት በመላው ሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ ይመረጥ ወይስ እንደ እስከ ዛሬው በኤሌክቶራል ኮሌጅ፣ ይኸውም በወኪል መራጮች አማካይነት፣ የሚለው ክርክር ለሕግ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ነገሩ የመለካትና የመደመር ጉዳይ ስለ ሆነ መሐንዲስም የሚለው ይኖረዋል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዜግነት አግኝተው ድምፅ የሚሰጡ ወገኖቻችንንም በቀጥታ ይነካል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወኪል መራጮቹ 538 ሲሆኑ፣ ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር፣ በአንድ ግዛት ውስጥ በአንዲት ድምፅም ቢሆን የበለጠ ተወዳዳሪ የግዛቱን ወኪሎች ጠቅልሎ ይወስዳል።

የሥርዓቱ ጉድለት ለትናንሽ ግዛቶች ማድላቱ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በ2020ው ቆጠራ መሠረት በዋዮሚንግ አንድ ወኪል ለ192 ሺህ ያህል ነዋሪ ሲደርስ፣ በካሊፎርኒያ የሚደርሰው ለ732 ሺህ ያህል ነው። ዳሩ ግን ዋናው ጉድለት ይህ አይመስለኝም። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ከ2.8 ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ ቀድመው ሳለ ዶናልድ ትራምፕ ተመረጡ። በሴኔት መቀመጫ ልክ የሚሰጡት ሁለት ሁለት ወኪሎች ከሁሉም ቢቀነሱ እንኳ፣ በየግዛቱ በተገኘው ውጤት ትራምፕ 246 ለ190 ያሸንፉ ነበር።

ጉድለቱ ከመደመር በፊት ማጠጋጋት ነው። አንድ ቀያሽ ሃምሳ ርዝመቶችን ለክቶ፣ እያንዳንዱን ወደ ሙሉ ሜትር ካጠጋጋ በኋላ ቢደምር፣ በድምሩ ላይ ማናችንም ድልድይ አንሠራም። በ2000 አል ጎር በመላ አገሪቱ ከ540 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ ቀድመው ሳለ፣ በፍሎሪዳ የታየው የ537 ድምፅ ልዩነት 25 ወኪሎችን በሙሉ ለጆርጅ ቡሽ ሰጠ፤ ፕሬዚዳንትነቱም በዚሁ ተወሰነ።

ለነባሩ ሥርዓት የሚከራከሩት ሁለት ብርቱ ነገር ያነሣሉ። አንደኛው፣ አገሪቱ የግዛቶች ኅብረት ናት የሚል ነው። ለዚህ ግን እያንዳንዱ ግዛት እኩል ሁለት መቀመጫ የያዘበት ሴኔት አለ። ሁለተኛው ይከብዳል። የኤሌክትሪክ መስመርን በየክፍሉ በፊውዝ ብንለይ ብልሽቱ ከአንድ ክፍል አያልፍም፤ እንደዚሁም የ2000ው የቆጠራ ክርክር ከአንድ ወር በላይ ቢቆይም በፍሎሪዳ ተወስኖ ቀርቷል። በቀጥታ ምርጫ ግን ልዩነቱ ከጠበበ፣ ሕጋቸው በተለያየ ሃምሳ ግዛቶች ሁሉ ድጋሚ መቁጠር ሊያስፈልግ ነው። በእርግጥ ድምሩ ሲሰፋ እንዲህ ያለው መቀራረብ ብርቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ብርቅ ነው ብሎ ያለ መጠባበቂያ የሚሠራ መሐንዲስ የለም።

የለውጥ ሙከራ አልታጣም። በ1969 የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ቀጥተኛ ምርጫን በ338 ድምፅ ለ70 ቢያጸድቅም፣ በ1970 ሴኔት ውስጥ ተሰናክሏል። በ2007 ሜሪላንድ የጀመረችው የግዛቶች ስምምነት፣ በ2024 የ17 ግዛቶችንና የዋና ከተማዋን 209 ወኪሎች ሰብስቧል፤ በሥራ የሚውለው 270 ሲሞላ ነው። ይሁን እንጂ ስምምነቱ የጋራ የድጋሚ ቆጠራ ደንብ አላበጀም።

በበኩሌ ቀጥተኛውን ድምፅ እደግፋለሁ። ነገር ግን አንድ ወጥ የቆጠራ ሕግ ይቅደም እላለሁ፤ መለኪያው አንድ ሳይሆን የተገኘ ድምር ተሸናፊውን አያሳምንምና፤ የምርጫም ዋናው ፈተና አሸናፊውን ማስደሰት ሳይሆን ተሸናፊውን ማሳመን ነው።