ማነቆው የቱ ጋ ነው?

የዛሬው ጉዳያችን ማነቆ ነው። አዎ፣ የኮምፒውተር ማነቆ።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2023 «ፎርዛ ሞተርስፖርት» የተባለው የመኪና እሽቅድምድም ጌም ወጣ። በቆየ የቤት ኮምፒውተር ስንከፍተው ግን ምስሉ ይቆራረጣል። ታዲያ ምኑን እንቀይር?

እስቲ እንጀራ ጋገራን እናስብ። ሊጡ ተትረፍርፎ ምጣዱ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ማነቆው ምጣዱ ነው። ሊጥ ቢጨመር እንጀራው ቶሎ አይደርስም። በተቃራኒው ደግሞ ምጣዱ ግሎ ሊጡ ከዘገየ፣ ሁለተኛ ምጣድ መግዛት ምን ይጠቅማል?

ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ፕሮሰሰሩ የእያንዳንዱን መኪና እንቅስቃሴ አስልቶ ያቀርባል፤ ሊጡ ይህ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ምስሉን ይሠራል፤ ምጣዱ እሱ ነው። ጌሙ ሳይቆራረጥ እንዲታይ በሰከንድ 60 ያህል ምስል ቢደርስ ደስ ይላል።

እናም ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ማነቆውን እንፈልግ። ዊንዶውስ ላይ ጌሙ እየሠራ «ታስክ ማናጀር»ን እንክፈት። ግራፊክስ ካርዱ ወደ 100 በመቶ ከተጠጋ፣ ማነቆው እሱ ነው። ካርዱ ፋታ እያገኘ ፕሮሰሰሩ ከተጨናነቀ ግን ውድ ካርድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሻጩ ምንም ቢል!

ደግሞ ይህ ጌም ኤስኤስዲ የተባለውን ፈጣን ማከማቻ ይፈልጋል፤ የድሮው ሃርድ ዲስክ አይበቃውም። አዲስ ካርድ ስንገዛም ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው ፓወር ሰፕላይ ይችለው እንደሆነ እንጠይቅ። ላፕቶፕ ያላችሁ ግን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ የአብዛኛው ላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ አይቀየርም።