ስኬሉ እኩል ነው፤ ወንበሩስ?

(በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



«በእኛ መሥሪያ ቤት በዘር ምክንያት ደመወዝ የሚያንሰው የለም፤ ስኬሉ አንድ ነው» ሲባል ሁላችንም እንሰማለን። ይሁን፣ ስኬሉ አንድ ነው እንበል። ታዲያ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ከወንበሩ ነዋ! አንዱ ወገን ከጥበቃና ከጽዳት ሳይወጣ ጡረታ ከደረሰ፣ ሌላው የመምሪያ ኃላፊነቱን ጠቅልሎ ከያዘው፣ የስኬሉ እኩልነት ምን ይፈይዳል?

ደቡብ አፍሪካን እንይ። እ.ኤ.አ በ1956 የአፓርታይድ መንግሥት «ይህ ሥራ የነጭ ነው» ብሎ ለመከለል የሚያስችለውን ሕግ አወጣ። እ.ኤ.አ በ1998 ደግሞ በማንዴላ ዘመን የሥራ ቅጥር እኩልነት ሕግ ወጣ። ትልልቅ አሠሪዎች በየደረጃው ማን እንዳለና ስንት እንደሚከፈለው በዘርና በፆታ ለይተው ለመንግሥት እንዲያስታውቁ አዘዘ። ሆኖም ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ2018፣ ከሠራተኛውና ከሥራ ፈላጊው ሕዝብ 10 በመቶ የማይሞሉት ነጮች ከከፍተኛው አመራር ወንበር ከ60 በመቶ በላዩን ይዘው ነበር። ሕግ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ግን ቁጥሩ አደባባይ ስለወጣ ማንም ሊክደው አይችልም!

ወደ ቤታችን እንመለስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ለብሔር ብሔረሰቦች በፌዴራልና በክልል አስተዳደር ሚዛናዊ ውክልናን ይደነግጋል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም አሠሪ በብሔረሰብ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። በወረቀትስ ምን ጎደለን?

«ከሁሉም ብሔረሰብ ቀጥረናል» እያሉ ጥበቃውንና ሚኒስትር ዴኤታውን አንድ ላይ መደመር ማታለል ነው። በየደረጃው ይነገረን!

«ቆጠራ ዘረኝነትን ያባብሳል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ መታወቂያ ላይ ብሔር መጻፉ ምን እንዳመጣብን እናውቃለን። ስለዚህ ነው ሠራተኛው በፈቃዱ ይሙላ፣ ስም አይጠቀስ፣ ፓርቲ እጁን አያስገባ የምለው። ቁጥሩም ለኮታ ሹመት አይዋል፤ ማስታወቂያው፣ ፈተናውና የደረጃ ዕድገቱ የትኛው ላይ ሰው እንደሚቀር ያሳየን። ሹመት በዝምድናና በአባልነት ከሆነማ፣ የሹማምንቱ ብሔር ቢፈራረቅ ለታችኛው ሠራተኛ ምን ይተርፈዋል? ተቀማጩ ይለወጣል እንጂ ደጅ ጠኚው ያው ነው!

እናንተ የማኅበር መሪዎች፣ በሚቀጥለው የኅብረት ስምምነት ድርድር ይህን ጠይቁልን፦ በየደረጃው ማን፣ ስንት ሰው፣ በስንት ብር? ለዚህ መልስ የሌለው አሠሪ «እኩልነት አለ» ቢለን አንቀበለውም።